ደማቅ ነው ማለት ተገኝቷል ማለት አይደለም፦ ስለ ኳዛር ቆጠራ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ኳዛሮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰዎች ልከውልኛል፤ አንዷ ወዳጄ «እስኪ ለዚህ መልስ ካለህ» ብላ ነው የላከችው። ጽሑፉ ቋንቋው ያማረ ነው። ስለ ሰማይ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ይህን ያህል ሰው ተቀባብሎ ማንበቡም ደስ ያሰኛል። መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም፤ ዝም ብዬ ማለፍም አላስቻለኝም።

የጸሐፊው ሐሳብ ሳይጣመም ሲቀመጥ ይህን ይመስላል። አንደኛ፣ በመዝገብ የሰፈሩት ኳዛሮች ዛሬ ከሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ቀድሞ የሚታየው ደግሞ ደማቁ ስለሆነ፣ ደማቆቹ ተለቅመው ካለቁ ቆይተዋል። ሁለተኛ፣ የቀረ ቢኖር እንኳ የጋያ ሳተላይት መረጃና ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይለዩታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቴሌስኮፕ ሥር ተቀምጦ የእያንዳንዱን ብርሃን መመርመር ጊዜው ያለፈበት ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ቆጣሪዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዱ የቆጠረውን ሌላው ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ የሚታመን አይደለም። አራተኛ፣ መቁጠር በራሱ ሳይንስ አይደለም፤ ጥቂቶቹን ጠንቅቆ ማጥናት ይበቃል። አምስተኛ፣ ለእኛ አገር የሚፈይደው ነገር የለም።

ለማያውቀው አንባቢ ሁለት ነገር ላስቀድም። ኳዛር በሩቅ ጋላክሲ እምብርት ላይ ያለ ግዙፍ ብላክ ሆል ነው፤ ዙሪያውን የሚሽከረከረው ጋዝ ከመዋጡ በፊት እጅግ ስለሚግል፣ የዚያ ግለት ብርሃን ከጋላክሲው ከዋክብት ሁሉ ድምር ይበልጣል። ርቀቱ ግን በቢሊዮን የብርሃን ዓመት ስለሚቆጠር ከእኛ ዘንድ ሲደርስ አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ደማቅ» የሚለው ቃል ነው። የሰማይ አካላት ድምቀት በማግኒቲዩድ ይለካል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምቀቱ ይጨምራል። ጤነኛ ዓይን በጨለማ ቦታ እስከ 6 ያያል። ስለ ደማቅ ኳዛር ስናወራ ግን የምንናገረው 16 አካባቢ ስላለው ነው፤ ይህም ዓይናችን ከሚደርስበት ደብዛዛ ኮከብ 10,000 ጊዜ ይደበዝዛል። በዚያ ድምቀት ላይ የእኛው ጋላክሲ፣ የፍኖተ ሐሊብ፣ ከዋክብት በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ኳዛሩ የሚፈለገው ከነዚያ መሐል ነው።

«ደማቆቹ ተለቅመው አልቀዋል»

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። መጋቢት ማለቂያ ላይ ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለ ሜዳ ላይ ባለ ስምንት ኢንች ቴሌስኮፔን ተከልኩ። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው አብረውኝ ነበሩ። ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ 3ሲ 273 የተባለው ኳዛር አናታችን ላይ ደረሰ ማለት ይቻላል፤ የሰማይ ወገብ አጠገብ ስላለ ለእኛ አገር ሰው እንዲህ ከፍ ብሎ ይታያል። ከምድር ከሚታዩት ኳዛሮች ሁሉ ደማቁ እሱ ነው፤ 13 ማግኒቲዩድ ገደማ። አጎቴ ዓይናቸውን ማያው ላይ አድርገው ቆዩና፣

«ታዲያ የቱ ነው?» አሉኝ።

«መሐል ላይ ያለችው ነጥብ ናት፣ ጋሼ።»

«ከጎኗ ካሉት በምን ለየሃት?»

የለየኋት በካርታ ነበር። ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ የተጓዘው ብርሃን አጠገቧ ካሉት ተራ ከዋክብት በመልክም በመጠንም አይለይም፤ ካርታው ባይኖር ቀኑ እስኪነጋ ባያት አላውቃትም ነበር። ለጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ ከአጎቴ ጥያቄ የተሻለ መልስ የለኝም። ማየትና መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የዚችው የ3ሲ 273 ታሪክም ይህንኑ ይላል። የሃርቫርድ የፎቶ መስታወቶች ከ19ኛው መቶ ዘመን ማለቂያ ጀምሮ ይዘዋታል። ለሰባ ዓመት ያህል ፎቶ ስትነሳ ኮከብ ተብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጨረቃ በፊቷ ስታልፍ ሲሪል ሃዛርድና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያው የፓርክስ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ቦታዋን በትክክል ለኩ፤ በ1963 ማርተን ሽሚት በካሊፎርኒያው ፓሎማር ተራራ በተነሳው ስፔክትረሟ (ብርሃኗ በየቀለሙ ተበትኖ የሚታይበት ምስል) ላይ የሃይድሮጅን መስመሮቿ 15.8 በመቶ ወደ ቀይ መሸሻቸውን፣ ማለትም እጅግ ሩቅ መሆኗን፣ አነበበ። ኳዛርነቷ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። ድምቀቷ ለሰባ ዓመት አልጠቀማትም።

«ያ ድሮ ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። እንግዲያው ወደ ቅርቡ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2022 በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን ጄ1144 የተባለ ኳዛር ይፋ አደረገ። ድምቀቱ 14.5 ነው፤ አማተር ሰው በጥሩ ቴሌስኮፕ ከጓሮው ሊያየው ይችላል። ባለፉት ዘጠኝ ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ከታወቁት ኳዛሮች እንደሱ ብርሃን የሚያመነጭ የለም። እስከዚያ ድረስ የት ነበር? ከፍኖተ ሐሊብ ወገብ 18 ዲግሪ ብቻ ርቆ። ቀደም ያሉት አሰሳዎች የከዋክብቱን ግርግር ሸሽተው 20 ዲግሪ ላይ ይቆሙ ነበር። በሁለት ዲግሪ አመለጠ ማለት ነው። የተገኘውም ሌላ ዓይነት ጥንድ ኮከብ ሲፈለግ ነው።

በ2024 ደግሞ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ቮልፍና ባልደረቦቹ ጄ0529ን ይዘው መጡ፤ ብርሃኑ ከፀሐይ 500 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ የሆነ፣ እስካሁን ከታወቀው ሁሉ እጅግ አብሪው። ወደ እኛ የደረሰው ብርሃን ከ12 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። ይህ ኳዛር በ1980 በተነሳ የደቡብ ሰማይ ፎቶ ላይ አለ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ማንም አልጠረጠረውም።

ጸሐፊው የጠቀሱት የሚሊዮን ቁጥር እውነት ነው፤ እንዲያውም አሳንሰውታል። ከጋያና ከዋይዝ ሳተላይቶች መረጃ የተሠራው ኳያ የተባለው መዝገብ ብቻ 1,295,502 ይዟል። በአሜሪካ ኪት ፒክ የሚሠራው ዴሲ የተባለው አሰሳ በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) በለቀቀው መረጃ ውስጥ 1.6 ሚሊዮን ገደማ ኳዛሮች አሉ። የእነዚህ ግን እጅግ አብዛኞቹ ደብዛዛ ናቸው፤ የመዝገቡ ብዛትም ስለ ደማቆቹ መሟላት የሚመሰክረው ነገር የለም። ትልልቆቹ አሰሳዎች የተዘጋጁት ብዙ ደብዛዛ ለመያዝ ነው። ስሎን የተባለው ዝነኛ አሰሳ፣ 750,414 ኳዛር የመዘገበው፣ በመጀመሪያ ዘመኑ ከ15 ማግኒቲዩድ የደመቀውን ነጥብ ሆን ብሎ ከኳዛር ዕጩነት ይሰርዝ ነበር። ምክንያቱ ሞያዊ ነው፤ በአንድ ጊዜ የ640 አካላት ብርሃን በቀጫጭን የመስታወት ክሮች ጎን ለጎን ስለሚገባ፣ አንዱ ከመጠን በላይ ከደመቀ በጎረቤቶቹ ላይ ይፈስሳል። «ቀድሞ የሚታየው ደማቁ ነው» የሚለው የጸሐፊው መነሻ የሚናደው እዚህ ላይ ነው። በትልቁ መረብ ላይ ደማቁ እንዲያመልጥ የተደረገው በሕግ ነበር።

ሌላው ምክንያት ቀለም ነው። ብርሃኑ ወደ ቀይ በሸሸ ቁጥር የኳዛሩ ቀለም ይለወጣል፤ ከአሥር ቢሊዮን ዓመት በላይ ከተጓዘው ብርሃን መሐል አንድ ክልል አለ፣ እዚያ ላይ የኳዛር ቀለም ከተራ ኮከብ ቀለም ጋር አንድ ይሆናል። በቀለም የሚለይ አሰሳ እዚያ ሲደርስ ይታወራል። ኪውብሪክስ የተባለው ፕሮጀክት ከ2019 ጀምሮ በደቡቡ ሰማይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ደማቅ ኳዛሮችን ያገኘው በአብዛኛው በዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ኦልብሪክስ የተባለው ሌላው አሰሳ ደግሞ ዓላማው የቀሩትን ደማቆች መልቀም ነው፤ በ2023 ባወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር 156 ኳዛሮችን አረጋግጧል፤ ከጥቂቶቹ በቀር አዲስ ናቸው። ያለቀ ነገር እንዲህ አይለቀምም።

«ሳተላይቱና ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ይለዩታል»

በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ግማሽ መንገድ ትክክል ናቸው። ያለ ጋያ የዛሬው ፍለጋ አይታሰብም። ኮከብ በዓመታት ውስጥ ቦታውን በጥቂቱ ይለውጣል፤ ኳዛር ከርቀቱ የተነሳ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም። ጋያ ይህን ለክቷል። ዋይዝ ደግሞ በብላክ ሆሉ ዙሪያ የጋለውን አቧራ በኢንፍራሬድ አይቷል። ሁለቱ ሲጣመሩ ከአሥር ሚሊዮኖች ወደ ጥቂት መቶ ዕጩ ይወርዳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀሪው ግማሽ ላይ ግን አንስማማም። የጋያ ቡድን ራሱ በሦስተኛው መረጃው 6.6 ሚሊዮን የኳዛር ዕጩዎችን ሲያቀርብ፣ ከዝርዝሩ እውነተኛ ኳዛር የሚሆነው ግማሽ ያህሉ እንደሆነ በግልጽ ጽፏል። ጄ0529ስ? የጋያ ራስ ሠር ምደባ «ኮከብ ነው» ያለው በ99.98 በመቶ እርግጠኝነት ነው። ኳዛር ለመሆን ከመጠን በላይ ደማቅ ነበርና። ምክንያቱን ለመረዳት ማሽኑ እንዴት እንደሚማር ማሰብ ይበቃል፤ የታወቁ ኳዛሮች ይሰጡታል፣ እነሱን የሚመስለውን ይፈልጋል። ከዚህ በፊት ያልታየውን፣ ከሁሉም የበለጠውን፣ ከምን ጋር ያመሳስለው? እንግዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፉኛ የሚሳሳተው ልናገኘው በጣም የምንፈልገው ነገር ላይ ነው።

የዳኘው ስፔክትረም ነው። መጀመሪያ በአውስትራሊያ ሳይዲንግ ስፕሪንግ ባለው 2.3 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ ከዚያ በቺሊ ባለው ቪኤልቲ የተባለ ግዙፍ ቴሌስኮፕ። የኮከብና የኳዛር ስፔክትረም ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው ልዩነቱ አያከራክርም። የኮከቡ ቀጫጭን ስንጥቆች ያሉበት መስመር ነው፤ በከባቢው ያለው ጋዝ ብርሃኑን እዚህም እዚያም ይነጥቀዋል። የኳዛሩ ደግሞ ጉብታ ጉብታ ነው፤ በብላክ ሆሉ ዙሪያ በሰከንድ ሺህ ኪሎ ሜትሮች የሚከንፈው ጋዝ የእያንዳንዱን መስመር እግር ግራና ቀኝ አስፍቶ ኮረብታ ያስመስለዋል። ያን ኮረብታ ያየ ሰው ሁለተኛ አይጠራጠርም።

ስንዴ ሲዘጋጅ ያየ ይህን ያውቀዋል። ወንፊቱ ብዙውን ሥራ ይሠራል፤ እንክርዳዱ ግን መጠኑ ከስንዴው ጋር ስለሚመሳሰል አብሮ ያልፋል። በመጨረሻ ሰፌድ ላይ ተበትኖ በእጅ ይለቀማል። ጋያ ወንፊቱ ነው፤ ስፔክትረሙ እጁ።

«ቁጥራቸው አይስማማም፤ ስለዚህ አይታመንም»

ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ሰውም በብዛት ያነሳው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ልመልስ።

ጸሐፊው የሚጠቅሱት የፓሎማር ደማቅ ኳዛር አሰሳን ነው። ማርተን ሽሚትና ሪቻርድ ግሪን በ1983 ያሳተሙት ይህ ሥራ 10,714 ካሬ ዲግሪ ሰማይ፣ ማለትም ከመላው ሰማይ ሩብ ገደማ፣ ሸፍኖ 114 አካላትን ቆጠረ። በሥራው የሚያስደንቀኝ ቀላልነቱ ነው። የብርሃን መግቢያው 46 ሴንቲ ሜትር በሆነ ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ በአንድ የፎቶ መስታወት ላይ ሁለት ጊዜ ያነሳሉ፤ አንዴ በአልትራቫዮሌት፣ አንዴ በሰማያዊ፣ በመሐል ጥቂት ፈቀቅ አድርገው። እያንዳንዱ ኮከብ መንታ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። የአልትራቫዮሌቱ ነጥብ የበረታበት መንታ ዕጩ ነው። 266 እንዲህ ያለ የሰማይ ክፍል ተመረመረ፤ አልትራቫዮሌት የበዛባቸው 1,874 አካላት ተመዘገቡ፤ ብዙዎቹ ትኩስ ከዋክብት ሆነው ተገኙ። ከ16 አንዱ ነው ኳዛር የወጣው።

በ1992 የኤድንብራ ተመራማሪዎች በትንሽ የሰማይ ክፍል በጥንቃቄ ሲቆጥሩ ከፓሎማሩ ሦስት እጥፍ ገደማ የሆነ ብዛት አገኙ። በሃምቡርግና በአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ ትብብር የተሠራው አሰሳም ፓሎማር ብዙ እንዳመለጠው አረጋገጠ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆመው «አያችሁ» ይላሉ። ታሪኩ ግን የሚቀጥለው ከዚህ በኋላ ነው።

በ2005 ተመራማሪዎች የፓሎማርን ዝርዝር በስሎን ትክክለኛ መለኪያ ዳግም መዘኑት። ለምን እንዳመለጠም ተገኘ። ሽሚትና ግሪን የቀለም ወሰናችን −0.44 ነው ብለው ነበር (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አልትራቫዮሌቱ ይበረታል)፤ በተግባር የተቆረጠው ግን −0.71 ላይ ነበር። በሁለቱ መሐል ያለው ኳዛር ሁሉ ከደጅ ቀርቷል። ሌላም አለ። የፎቶ መስታወት መለኪያ ሲሶ ማግኒቲዩድ ያህል ይሳሳታል፤ የድምቀቱ ወሰንም ከመስታወት መስታወት ይለያይ ነበር፤ ከ15.49 እስከ 16.67። ኳዛሮች ደግሞ ደብዘዝ ባሉ ቁጥር ቁጥራቸው በፍጥነት ይበዛል። ስለዚህ በወሰኑ ላይ በስህተት ሾልከው የሚገቡት በስህተት ከሚወጡት ይበልጣሉ። በር ላይ ቁመት እየለካ የሚያስገባ ሰው ሜትሩ ቢወላገድ፣ ከበሩ ውጭ የቆሙት አጫጭሮች ከረጃጅሞቹ እጅግ የሚበዙ ከሆነ፣ አዳራሹ ውስጥ የማይገባቸው ይበዛሉ፤ ይኸው ነው ነገሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ቁጥሮቹ ያልተስማሙት ቆጣሪዎቹ የሚቆጥሩትን ስለማያውቁ ሳይሆን የሰማዩ ስፋት፣ የድምቀቱ ወሰን፣ የቀለሙ ወሰንና የኳዛር ትርጓሜው ስለተለያየ ነው። በራሱ በ114ቱ ውስጥ እንኳ የኳዛርን የብርሃን መጠን መሥፈርት በጥብቅ የሚያሟሉት 92 ናቸው፤ የቀሩት ደከም ያሉ ታናናሾቻቸው ናቸው። የአንዱን ስህተት ሌላው ቆጣሪ ለክቶ፣ ምክንያቱን ለይቶ፣ መጠኑን ጽፎ አስቀመጠ። እኔ የሚታመን ቁጥር የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቆጣሪ ያልደረሰበት መንደር፣ ያልተከፈተ በር እንደሚኖር ማንም ያውቃል። ቆጠራን የሚያስከብረው ግን ከቆጠራው በኋላ በናሙና ተመልሶ ሄዶ ስንቱ እንዳመለጠ ማጣራቱ ነው። «ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ይለያል፤ ስለዚህ ሕዝብ መቁጠር ይቅር» የሚል ሰው ብንሰማ እንቀበለዋለን? ስንት እንዳመለጠው የማያውቅ ቆጠራ ግምት ነው። የኳዛር ቆጣሪዎች ሠላሳ አርባ ዓመት የለፉት ከዚህ ለመውጣት ነው፤ ዛሬ ደማቆቹን ዳግም የሚያስሱትም ለዚሁ ነው። የጸሐፊው ሦስተኛ ነጥብ ለራሳቸው መደምደሚያ እንቅፋት ነው፤ ቁጥሩ ካልተስማማ መፍትሔው እንደገና በጥራት መቁጠር ነዋ።

አንድ ነገር ልቀበል። የፓሎማር ዝርዝር ጎደሎ ሆኖ ሳለ ሥራ ሠርቷል። ከውስጡ ቅርብ የሆኑት 87ቱ በ1992 በአንድነት ተጠንተው የኳዛርን ባሕርይ ለመረዳት እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ለሁሉም ጥያቄ የተሟላ ቆጠራ አያስፈልግም፤ ጸሐፊው ይህን ማለታቸው ከሆነ እስማማለሁ።

«መቁጠር ሳይንስ አይደለም»

አንዲት ኳዛር የቱንም ያህል ብትጠና ልትነግረን የማትችለው ነገር አለ፤ ድሮ ከዛሬ ይበዙ ነበር ወይ? ይህን የመለሰው መቁጠር ነው። ሽሚት በ1968 ብልህ መንገድ ዘየደ። እያንዳንዷን ኳዛር ይወስድና «ምን ያህል ብትርቅ ነው ከዝርዝሬ የምትወጣው?» ብሎ ይጠይቃል። ኳዛሮች በሕዋው ውስጥ እኩል ተበትነው ቢሆን ኖሮ፣ ሊገኙ ከሚችሉበት ስፋት ግማሾቹ በቅርበኛው አጋማሽ፣ ግማሾቹ በሩቅኛው ይሆኑ ነበር። ውጤቱ ወደ ሩቁ አጋደለ። ሩቅ ማየት ድሮን ማየት ስለሆነ፣ ኳዛሮች በጥንት ዘመን እጅግ ይበዙ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ቁጥራቸው ጣሪያ የነካው ከ10 እስከ 11 ቢሊዮን ዓመት በፊት እንደነበር እናውቃለን። ጽንፈ ዓለም በሁሉም ዘመን አንድ ዓይነት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ካዳከሙት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ያ ስሌት ደግሞ የሚሠራው የዝርዝሩ ወሰን በትክክል ሲታወቅ ብቻ ነው።

ፖላንዳዊው አንጄይ ሶልታን በ1982 ሌላ ጥያቄ አነሳ፤ ኳዛሮች በዘመናቸው ሁሉ ያፈሰሱት ብርሃን ተደምሮ፣ ያን ያህል ለማብራት ስንት ጋዝ ተውጦ መሆን አለበት? የተዋጠው የትም አይሄድም። ስለዚህ ዛሬ በዙሪያችን ባሉ ጸጥተኛ ጋላክሲዎች እምብርት ውስጥ ግዙፍ ብላክ ሆሎች ተኝተው መገኘት አለባቸው አለ። ኋላ ላይ ተገኙ። የእኛዋ ፍኖተ ሐሊብም የፀሐይን አራት ሚሊዮን እጥፍ የሚመዝን አላት። በቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ያልታየ ነገር መተንበይ ሳይንስ ካልሆነ ምን ይባላል?

ለምን ደማቆቹን? ጥቂት ስለሆኑና ስለሚያገለግሉ ነው። በፓሎማር ሒሳብ ደማቅ ኳዛር በ94 ካሬ ዲግሪ አንድ ነው፤ ከ400 ሙሉ ጨረቃ በላይ የሚሸፍን ሰማይ ፈልጎ አንድ ማግኘት። ጠባብ ሰማይን ጠልቀው የሚያዩ አሰሳዎች አንድም ሳያገኙ ሊያልፉ ይችላሉ። የተገኘችው ደማቅ ኳዛር ግን ከኋላ ሆና በመሐል ያለውን ጋዝ ሁሉ የምታበራልን ፋኖስ ናት፤ በስፔክትረሟ ላይ በመንገዷ ያገኘችው የእያንዳንዱ ደመና አሻራ ይነበባል። በቺሊ እየተሠራ ያለው ባለ 39 ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ሲጠናቀቅ ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ የጽንፈ ዓለምን መስፋት በቀጥታ ማየት ነው፤ ያንኑ ኳዛር ዛሬና ከአሥር ሃያ ዓመት በኋላ ለክቶ፣ መስመሮቹ በአሥር ዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ያህል መንሸራተታቸውን ማረጋገጥ። ለዚህ ብርሃን በገፍ ያስፈልጋል። ደብዛዛ ሚሊዮን ኳዛር አይተካውም።

«ለእኛ ምን ይፈይዳል?»

እዚህ ላይ የማጋነን ፍላጎት የለኝም። የምድርን ሽክርክሪት የምንለካው፣ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ምሕዋርም የሚታረመው፣ በራዲዮ በሚታዩ ኳዛሮች ቋሚ ነጥብነት ነው፤ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት የሰማይ ማመሳከሪያ 4,536 የራዲዮ ምንጮችን የያዘ ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በአፋር፣ በዳባሁ፣ 60 ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት ተሰንጥቆ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የመሬቱ እንቅስቃሴ በጂፒኤስ የሚለካው በዚህ ማመሳከሪያ ላይ ተደግፎ ነው። ነገር ግን እነዚያ የተመረጡት በራዲዮ ድምቀታቸው ነው፤ እኔ የምከራከርለት ደግሞ በብርሃን ስለሚደምቁት ነው። ሁለቱን አደባልቄ «ስልክህ ላይ ያለው ካርታ የሚሠራው በዚህ አሰሳ ነው» ብል አንባቢን ማታለል ይሆናል። ኢትዮጵያ ለኳዛር ብላ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ትሥራ የሚል ካለም ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።

ጸሐፊው ያላዩት ግን ይህ ፍለጋ ርካሽ መሆኑን ነው። የጋያም፣ የዋይዝም፣ የስሎንም መረጃ ለማንም ክፍት ነው። ዕጩ መለየት በአንድ ላፕቶፕ ይሠራል። ማረጋገጫው የሚነሳው በመካከለኛ ቴሌስኮፕ ነው፤ ጄ0529 የታወቀው በ2.3 ሜትሩ ነው። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። የአዲስ አበባ መብራት እየከበዳቸው ቢሆንም፣ ከ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ማየት ለቺሊም ለካሊፎርኒያም ያልተሰጠ ነገር ነው። ለሥነ ፈለክ ተማሪ ከዚህ የተሻለ የመመረቂያ ሥራ በቀላሉ አይገኝም።

የሚሠራው ሰማይም ገና አለ። ኦልብሪክስ ከፍኖተ ሐሊብ ወገብ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ዲግሪ ትቶ ነው የሚቆጥረው። ያ የተተወው ቀበቶ ከመላው ሰማይ 17 በመቶ ይሆናል። አቧራው ብዙ፣ ከዋክብቱ ጥቅጥቅ ያሉ፣ ልየታውም ከባድ ነው። ጄ1144ን የደበቀው የዚሁ ቀበቶ ጎረቤት ነው።

ጸሐፊውን የምጠይቀው ሁለት እርማት ብቻ ነው። «ደማቆቹ በሙሉ ተገኝተዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይነሳ፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጻፉት አንቀጽ ውስጥ ደግሞ የጄ0529 ነገር ይግባበት። የቀረው የአመለካከት ልዩነት ነው፤ በእሱ ላይ ሌላ ቀን፣ ከተቻለም ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቴሌስኮፕ አጠገብ ቆመን ብንነጋገርበት ደስ ይለኛል።